ሞምባሳ ጠረፍ ላይ ጸጥ ያለ አፓርታማ ለመከራየት፦ ዲያኒ፣ ኒያሊ ወይስ ዋታሙ?

ባሕር ከሌለው አገር የመጣ ሰው ለዕረፍት ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከውሃው ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ነው። አከራዮቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በየማስታወቂያው ላይ «ባሕሩ ፊት ለፊት» የሚለው በትልቁ የሚጻፈው ለዚህ ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ባሕሩ ፊት ለፊት አትከራዩ። ከዋናው መንገድ ማዶ፣ አምስት አሥር ደቂቃ በእግር ገባ የሚለውን ያዙ።

በኬንያ ጠረፍ ውሃው ዳር ያለው መሬት በአብዛኛው የሆቴል ነው። ሆቴል ባለበት ደግሞ የማታ ሙዚቃ አለ፣ ሠርግ አለ፣ አሸዋው ላይ ጀልባ፣ ሳፋሪና ቅርጻ ቅርጽ ካልሸጥኩላችሁ ብሎ የሚከተል ወጣት አለ። አሸዋው ግን የሕዝብ ነው። ሆቴሉ ግቢውን ያጥራል እንጂ ዳርቻውን አያጥርም። በአጥሮቹ መካከል ወደ ውሃው የሚያወርዱ መተላለፊያዎች አሉ። ስለዚህ ገባ ብሎ የተከራየውም ሰው የሚዋኘው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ማታ ሲተኛ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ሞምባሳ ቅርብ ናት። በቀጥታ በረራ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወዳድረው ሦስት ቦታ ነው፦ ከከተማዋ በስተደቡብ ዲያኒን፣ ከድልድዩ ማዶ ኒያሊን፣ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ዋታሙን።

መጀመሪያ፦ አፓርታማ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ሁለት ሆናችሁ ለሦስት ሌሊት ብቻ ከሆነ አትልፉ፣ ሆቴል ግቡ። ቁርስ ይቀርባል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ የእናንተ ጣጣ አይደለም። ጫጉላ ላይ ሆኖ ሽንኩርት መክተፍ ምን ያደርጋል?

ነገሩ የሚለወጠው ቤተሰብ ሲሆን ነው። ሆቴል ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው በሰው ነው፤ በተለይ ምግቡ አብሮ ሲታሰብ። አፓርታማ ግን የሚከፈለው በቤቱ ነው። እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጅና አያት ከሆናችሁ ሆቴሉ ሁለት ሦስት ክፍል ይሰጣችኋል፤ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ጫፍ ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ሁላችሁንም አንድ ሳሎን ያሰባስባል። ልጆች ሲተኙ ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ያወራሉ። ሆቴል ውስጥ ግን ልጅ ከተኛ በኋላ ወላጅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሆዳችን ነው። የቡፌው ጉጉት ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ «የሚያቃጥል ነገር የለም?» የሚል ይመጣል። ወጥ ቤት ካላችሁ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ሻንጣ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አይፈጁም። ለጿሚ ደግሞ ነገሩ ከአምሮት ያልፋል። የሆቴል ወጥ ቤት ምኑ ውስጥ ቅቤ፣ ምኑ ውስጥ ወተት እንደገባ በየቀኑ መጠየቅ አሰልቺ ነው። ደስ የሚለው፣ የስዋሂሊ የቤት ምግብ ለጾም የተመቸ መሆኑ ነው። ባቄላውም፣ ቅጠላ ቅጠሉም፣ ምባዚ የሚሉት የርግብ አተርም የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። ጠዋት ምባዚን ማሃምሪ ከሚባለው ትኩስ ጥብስ ዳቦ ጋር ቅመሱት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለየቤታችሁ እተወዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በጠረፉ ላይ የሚከራዩ ቤቶች ብዙዎቹ ምግብ የሚያበስል ሰው አብሯቸው አለ፤ ወይም ከጠየቃችሁ ይጠሩላችኋል። ክፍያው ለብቻው ነው፤ ከመምጣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ሲመለሱ እሱ ሄዶ ቢገዛ ከእናንተ በተሻለ ዋጋ ነው የሚያመጣው። እኔ በግሌ ለአፓርታማ ከሚያደሉኝ ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው። የሆቴል ዋጋ ሳይከፍሉ የሆቴል ዕረፍት ማግኘት ማለት ነው።

ዲያኒ

ዲያኒ ከሞምባሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ነው። አሸዋው ነጭና እንደ ዱቄት የላመ ነው። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው፣ ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ አጥር ትልልቁን ማዕበል እዚያው ይሰብረዋል። ስለዚህ ውሃው ለልጆችም አያስፈራም።

ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን አንድ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከመንገዱ ባሕር ወገን ያለው ሆቴልና ቪላ ነው። ማዶው ደግሞ አፓርታማና የአትክልት ግቢ ነው። ከላይ ያልኩት ምክር በደንብ የሚሠራው እዚህ ነው። መንገዱን ተሻግራችሁ ተከራዩ፣ መተላለፊያውን ጠይቁ፣ አለቀ።

ግን ዲያኒ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከዑኩንዳ ከተማ የሚመጣው መንገድ ከዳርቻው መንገድ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ሱፐርማርኬቱም፣ ባንኩም፣ መጠጥ ቤቱም የተከማቸበት ነው። ለግዢ ይመቻል፤ ለእንቅልፍ አይመችም። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጋሉ የሚባለው ዳርቻ አለ። እዚያ ሰው ይሳሳል። ጉዳቱ ለእያንዳንዱ ነገር ባጃጅ ማስፈለጉ ነው። (እነሱ ቱክቱክ ይሉታል፤ ዋጋውን ሳትስማሙ እንዳትገቡ።) ለመቆየት የሚመጣ ቤተሰብ ጋሉን ቢይዝ አይቆጭም።

አንድ ማታለያ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው «ዲያኒ» ይልና ቤቱ ዑኩንዳ መሃል ይሆናል። ዑኩንዳ የሰው መኖሪያ ከተማ ናት፤ ገበያ፣ ሞተር ሳይክልና ድምፅ ማጉያ አለባት። ርካሽ የሆነው በነጻ አይደለም። ካርታ ላይ ትክክለኛውን ነጥብ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። «ቅርብ ነው፣ ስትመጡ ታዩታላችሁ» የሚል አከራይ ከሆነ እለፉት።

ከዲያኒ ጎረቤቶች መካከል ጉሬዛም አለ። እዚህ ያለው የእኛው ጉሬዛ ዘመድ ነው። መኪና እንዳይገጨው ብለው ከዛፍ ዛፍ፣ ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ዘርግተውለታል። ጉሬዛው ቅጠሉን በልቶ ዝም ይላል፤ ችግሩ ጦጣውና ዝንጀሮው ነው። መስኮት ክፍት ካገኙ ገብተው ሙዝ፣ ዳቦ፣ ያገኙትን ይዘው ይሄዳሉ። የመስኮት ሽቦ ያለው ቤት ምረጡ። ልጆችም እንዳይመግቧቸው አስጠንቅቁ።

መንገዱስ? ሞምባሳ ደሴት ናት። ወደ ደቡብ ለመሄድ ድሮ የሊኮኒን ጀልባ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ አልነበረም። እግረኛ በነጻ ይሻገራል፤ መኪና ይከፍላል፣ ይሰለፋል። አሁን በዶንጎ ኩንዱ በኩል ጀልባውን የሚያስቀር መንገድ ተሠርቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትመጡ ሾፌሩ በዚያ እንዲሄድ ንገሩት። በናይሮቢ በኩል የምትመጡ ከሆነ ዑኩንዳ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡርም ጥሩ አማራጭ ነው። ጣቢያው ግን ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ ሚሪቲኒ ላይ መሆኑን አትርሱ።

ኒያሊ

ኒያሊ የዕረፍት መንደር ሳትሆን የሞምባሳ ሀብታሞች ሰፈር ናት። ከደሴቲቱ በድልድይ ትገናኛለች። ዛፍ የበዛባቸው መንገዶች፣ ግቢያቸው ዘበኛ ያለው ፎቆች፣ የገበያ ማዕከል፣ ፋርማሲ ሁሉ አላት። ትልልቅ ሆስፒታሎችም ድልድዩን ተሻግሮ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ይዛችሁ ከሆነ እኔ ሌላውን ትቼ ኒያሊን ነው የምለው። ጨቅላ ላለውም እንደዚሁ።

ዳርቻው ከዲያኒ ያንሳል፤ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ሽርሽሩ ቅርብ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግና አሮጌው ከተማ ደሴቲቱ ላይ ናቸው። ለልጆች ሃለር ፓርክ አለ፤ ድሮ ለሲሚንቶ ድንጋይ ሲፈለጥበት የነበረ ጉድጓድ ዛሬ ጫካ ሆኖ ጉማሬና ቀጭኔ ይኖርበታል። አትክልትና ፍራፍሬ በጅምላ የሚሸጥበት የኮንጎዌያ ገበያም ቅርብ ነው። ከኒያሊ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ባምቡሪ ላይ ያለው የሕዝብ ዳርቻ ቅዳሜና እሑድ ሰው በሰው ነው። ጭር ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው እዚያ ባይከራይ ይሻለዋል። ምትዋፓን ደግሞ ጨርሶ ተዉት፤ የምትታወቀው በሌሊት ጭፈራ ነው።

ዋታሙ

ዋታሙ ከሞምባሳ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ናት። መኪናው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የማሊንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ቅርቧ ነው። ጸጥታን ብቻ ብናወዳድር የምታሸንፈው እሷ ናት። መንደር ናት። ፎቅ አይበዛባትም።

ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው፤ ከማሊንዲው ጋር በኬንያ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ፓርኮች ናቸው። ውሃው ሲጎድል ከአሸዋው መሃል ትናንሽ ደሴቶች ብቅ ይላሉ። የባሕር ኤሊዎች እዚህ ዳርቻ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ትንሽ ገባ ብሎ የጌዲ ፍርስራሽ አለ፤ ጫካ የዋጠው የጥንት የስዋሂሊ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጫካው ውስጥ ሆኖ የመስጊዱን ግድግዳና የውሃ ጉድጓዱን ማየት ከባሕሩ ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል።

ዋታሙና ማሊንዲ ውስጥ ጣልያኖች ብዙ ናቸው። አፓርታማዎቹም ብዙዎቹ የእነሱ ናቸው። ይህ ጥቅም አለው፤ ቤቶቹ በሥርዓት የተያዙ ናቸው፣ ፓስታውና አይስክሬሙም ጥሩ ነው። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ጥርና የካቲት አውሮፓ ሲበርድ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ፣ ባዶ ቤት ይጠፋል። በዋናው ዝናብ ጊዜ ደግሞ ምግብ ቤቱ ግማሹ ይዘጋል። ማሊንዲ ላይ ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። የሳባኪ ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባው ከከተማዋ በስተሰሜን ነው፤ ዝናብ ሲኖር አፈር ይዞ ይመጣና ውሃውን ያደፈርሰዋል። ፎቶው ላይ ያለውን ሰማያዊ ባሕር አስቦ የሄደ ሰው ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል።

መሃል መንገድ ላይ ያለችውን ኪሊፊንም ማየት አይከፋም። በተለይ ቦፋ የሚባለው ዳርቻ ሰው አይበዛበትም።

ወሩ ከቦታው ይበልጣል

ጠረፉን የሚገዙት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ካስካዚ ይነፍሳል። ያኔ ሙቀቱ ይጠነክራል፣ ባሕሩ ግን ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል። ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ ምሥራቅ ኩሲ ይመጣል። ሞገዱ ያይላል፣ የባሕር ሣርም አሸዋው ላይ ይከመራል። ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ስለዚህ የፋሲካን ሰሞን ጠረፍ ላይ ላሳልፍ የሚል ሰው ጃንጥላ ይያዝ።

ከሁሉ ውድና ጫጫታ የበዛበት ጊዜ በፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያለው ነው። ናይሮቢ ያን ሰሞን ወደ ጠረፉ ትወርዳለች። እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ይጠቅመናል። የእኛ ገና ሲደርስ ከናይሮቢ የመጣው ሰው ወደ ሥራው፣ ልጁም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ከገና በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ዲያኒና ኒያሊ ላይ ዋጋ መከራከር ይቻላል፣ ባሕሩም ምርጥ ነው። የልጆች ትምህርት ክረምት ላይ ብቻ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ መጥፎ አይደሉም። አየሩ ቀለል ይላል። ባሕሩ ግን በየቀኑ ላያስዋኝ ይችላል፤ መዋኛ ገንዳ ያለው ግቢ ያዙ።

ገንዳ የምለው ለሞገዱ ብቻ አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ብዙ ይሸሻል፤ ዲያኒ ላይ እስከ ኮራሉ ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው ታያላችሁ። መራመድ እንጂ መዋኘት የለም። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። የምትሄዱበትን ሳምንት የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ እዩ። ኮራሉ ላይ ለመራመድ የጎማ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃም ፍጥረት ሞልቶበታል።

ቤቱን ስትመርጡ

ፎቶ ስለ ጸጥታ ምንም አይነግራችሁም። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጡት ጀምሩ። «ዶሮ»፣ «ግንባታ»፣ «ሙዚቃ»፣ «ጄኔሬተር» የሚሉትን ፈልጉ። አጠገቡ ፎቅ እየተሠራ መሆኑን በቀጥታ ጠይቁ፤ ኒያሊ ላይ ይህ የተለመደ ነው። አዛን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይሰማል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን ከመስጊድ ራቅ ያለ ቤት ይምረጥ። ሦስተኛ አራተኛ ፎቅ ነፋስ ያገኛል፣ ወባ ትንኝም ይቀንስበታል። ሊፍት ከሌለው ግን አያትን አስቡ።

ውሃውን ጠይቁ። ብዙ ግቢ የጉድጓድ ውሃ ይጠቀማል፤ ጠረፍ ላይ ጨው ጨው የሚል አለ። ለመታጠብ ይሆናል፣ ለቡና አይሆንም። ሮቶ መኖሩን፣ የሚጠጣው ውሃ የሚገዛው በማን ወጪ እንደሆነ ጠይቁ። መብራት ቅድመ ክፍያ ነው፤ እንደ ስልክ ካርድ ይሞላል። ኤሲ ቀንና ሌሊት የሚያስነሳ ሰው ሒሳቡ ይቆለልበታል፤ ስለዚህ ኪራዩ መብራትን ይጨምር አይጨምር በጽሑፍ ይያዝ። እኔ ጣሪያ ላይ ጥሩ ፋን ያለው ቤት ይበቃኛል። አጎበር ግን የግድ ነው። ጠረፉ ወባ አለበት፣ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ወባ አልለመደውም። ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ቀጠሮ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በስዋሂሊ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለት የእኛው ስምንት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጁ ይቀይራሉ። ቁልፍ የሚያስረክባችሁ ዘበኛ ሰዓቱን በየትኛው ቋንቋ እንደነገራችሁ ልብ በሉ።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የመግቢያ ፈቃድ ደንብ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ። ፌስታል ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ድርቆሹን በጨርቅ ከረጢት ያዙት። የዋታሙ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስም ክልክል ነው።

ክፍያ ላይ አትቸኩሉ። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ በስልክ እንድትልኩ የሚያጣድፍ ደላላ ካጋጠማችሁ ተዉት። ከታወቀ የኪራይ መተግበሪያ ውጪ ከሆነ ቀብድ ብቻ ስጡ፣ ቀሪውን ቤቱን አይታችሁ። እዚያ አብዛኛው ነገር የሚከፈለው በኤምፔሳ ነው፤ የኢትዮጵያ ብር ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙም አይረዳችሁም። የገባችሁ ዕለት የመብራት ቆጣሪውን፣ የተሰነጠቀ ሳህን ካለም እሱን፣ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ ወዲያው ላኩለት። መያዣችሁ ስትወጡ ሳይጓደል የሚመለሰው ያኔ ነው።